ሰሙ ሲቀልጥ፤ የማክቤዝ ዘይቤያዊ አነጋገር በጣና ዳርቻ የቅኔ ስልት ሲመረመር

በአሳዛኝ ተውኔት ውስጥ የሚገኘው ዘይቤያዊ አነጋገር ብዙ ጊዜ እንደ ጌጥ ይቈጠራል። ተማሪው ተነጻጻሪውን፣ ተለዋጩን፣ ሰውኛውን፣ ግነቱንና ምጸቱን እየለየ እንዲጽፍ ይታዘዛል፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ምሳሌ ካመጣም ሥራውን እንደ ፈጸመ ይታሰብለታል። ዝርዝሩ በራሱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ጌጥ ቢወልቅ ሰው አይሞትም። በታላላቆቹ አሳዛኝ ተውኔቶች ዘንድ ግን ዘይቤው ቢነሣ ባለ ታሪኩ የወደቀበት ምክንያት አብሮ ይነሣል። እንግዲህ ጥያቄው በተውኔቱ ውስጥ ስንት ዘይቤ አለ የሚለው ሳይሆን፣ ዘይቤው በተውኔቱ ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ በሚዘረጋው በጎጃም ምድር የቃልን ውጫዊና ውስጣዊ ትርጓሜ የሚመረምር ስልት በቅኔ ጉባኤያት ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። ስማቸው ከተጠራው ከሦስቱ የቅኔ ቤቶች፣ ከዋድላ፣ ከጎንጅና ከዋሸራ፣ ሁለቱ በጎጃም የሚገኙ ናቸው። ከዚህ በታች የዊልያም ሼክስፒር ማክቤዝ በዚህ ስልት ይመረመራል፤ ስልቱ የሚያበራውና የማያበራው ነገር ይለያል፤ በመጨረሻም በዚያው በሐይቁ ዳርቻ ታሪክ ላይ የተመሠረተ አንድ የኢትዮጵያ አሳዛኝ ታሪክ በንጽጽር ይቀርባል።

የአንጥረኛው ሥራና የቅኔ ቤት

ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በመጀመሪያ ከሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ያግለዋል፤ ሰሙም ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል። ባዶ በቀረው ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። ጭቃው በተሰበረ ጊዜ ወርቁ የሰሙን መልክ ይዞ ይገኛል። በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት ነገር ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ ሰሙ ሐሰት አይደለም፤ ወርቁ ቅርጹን ያገኘው ከእርሱ ነው። ሁለተኛ፣ ሰሙና ወርቁ በአንድ ጊዜ አንዱን ስፍራ ሊይዙ አይችሉም፤ አንዱ ካልለቀቀ ሌላው አይገባም። ሦስተኛ፣ በሁለቱ መካከል እሳት አለ።

የቅኔ ተማሪ ግስና አገባብ ካጠና በኋላ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ በየደረጃው ይቀኛል። ቅኔው በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ መሆን አለበት፤ የሌላውን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። የኔታም የቀረበውን ሰምተው ያርማሉ፤ ሰሙ ከወርቁ ጋር ያልገጠመለትን ይመልሱታል። መንገዱ ብዙ ነው። በሰምና ወርቅ ምሳሌውና ጉዳዩ ጎን ለጎን ይነገራሉ። በኅብር አንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ይሸከማል። በውስጠ ወይራ ደግሞ ላዩ ብቻ ይነገርና ውስጡ ለሰሚው ምርምር ይተዋል።

ኅብርን በአማርኛ ለማስረዳት ለዚሁ ጽሑፍ ምሳሌ እንዲሆን የተገጠሙት ሁለት ስንኞች እነሆ፦

ጥልቀቱን ሳይጠይቅ ወርዱንም ሳይለካ፣
አባይን አምኖ ነው የገባበት ለካ።

ሰሙ ወንዝ ለመሻገር ውሃ ውስጥ የገባ መንገደኛ ነው። ወርቁ አባይን፣ ማለት ውሸተኛን፣ አምኖ ከማይወጣበት ነገር የገባ ሰው ነው። የወንዙ ስምና የውሸተኛው ስም በጽሕፈት ሊለያዩ ይችላሉ፤ በጆሮ ግን አንድ ናቸው። ወንዙ ከሐይቁ ተለይቶ የሚወጣው በባሕር ዳር ስለ ሆነ፣ የዚያ አገር ሰው ስንኞቹን ሲሰማ መጀመሪያ የሚታየው ውሃው ነው፤ ሰውዬው የሚታየው ኋላ ነው። ይህ የመዘግየት ጊዜ፣ ማለት ሰሙ ከተሰማበት እስከ ቀለጠበት ያለው ቅጽበት፣ የቅኔው ዋና ነገር ነው። ቀጥሎ እንደሚታየው የአሳዛኝ ተውኔትም ዋና ነገር ይኸው ነው።

ከቅኔ ጉባኤ ወደ ተውኔት መድረክ

የአማርኛ ተውኔት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በዚህ ስልት በሠለጠነ ጆሮ ፊት የቆመ ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት የአውሬዎች ኮሜድያ ፋቡላ እንስሳትን የሚያናግር ጨዋታ ነበር። ተመልካቹ ግን አውሬውን አይቶ አላበቃም፤ ወርቁን ፈትቶ ባለ ሥልጣኖቹን አገኘ። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ጨዋታው የታገደው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት በፍቺው ምክንያት መዘጋቱ የተመልካቹን ችሎታ የሚመሰክር ነገር ነው።

ከዚያም በኋላ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከጎጃም ከደብረ ኤልያስ መጥተው የቅኔውን ሙያ ወደ መድረክ አሸጋገሩት። አፋጀሽኝ የተባለው ተውኔታቸው ርዕሱ በመልኩ የሴት ስም ነው፤ በፍቺው ግን አንዲትን ሴት የሚወቅስ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። በአዲስ አበባ የብዙ ተውኔቶች ደራሲ የሆኑት አቶ መንግሥቱ ለማም በጎጃም ቅኔ የተማሩት የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ናቸው፤ የአባታቸውን ትዝታ ከቃላቸው ጽፈው በ1959 ዓ.ም. በመጽሐፍ አውጥተዋል። ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቀው በአቸፈር የተወለዱት አቶ አቤ ጉበኛም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ካደጉ በኋላ የፓትሪስ ሉሙምባን አሟሟት በአሳዛኝ ተውኔት ጽፈዋል።

የውጭ አገር ተውኔትም ወደ አማርኛ የገባው በእነዚህ መሰል እጆች ነው። ከበደ ሚካኤል በ1940ዎቹ ሮሜዎና ዡልዬትን በአማርኛ ግጥም አቀረቡ። ከዚያም ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን ተረጐሙ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውና በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም ለዚህ ዓይነት ሥራ ሰፊ መድረክ ሆነ። ስለዚህ ማክቤዝ በአማርኛ ሲነገር የሚሰማው ሰው ለዘይቤ አዲስ አይደለም፤ ከራሱ የተለየ ስልት ይዞ የሚጠብቅ ሰሚ ነው።

የሹመት ልብስ

ማክቤዝ እ.ኤ.አ. በ1606 ገደማ የተጻፈ፣ በ1623 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ ተውኔት ነው። ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። የስኮትላንድ የጦር አለቃ ማክቤዝ ከድል ሲመለስ ሦስት ጠንቋዮች ንጉሥ ትሆናለህ ይሉታል። እርሱም በሚስቱ ምክር ንጉሡን ደንከንን በቤቱ እንግዳ አድርጎ ተቀብሎ በሌሊት ይገድለዋል፤ ይነግሣል፤ ዙፋኑን ለመጠበቅ ሲል ባልንጀራውን ባንኮን፣ ከዚያም የማክደፍን ሚስትና ልጆች ያስገድላል፤ በመጨረሻ በማክደፍ እጅ ይሞታል። ከእ.ኤ.አ. 1040 እስከ 1057 የነገሠው እውነተኛው ማክቤዝ በታሪክ ከዚህ የተለየ ሰው ነው፤ ሼክስፒር የወሰደው ከዜና መዋዕል የተገኘውን ትረካ ነው።

በዚህ ተውኔት ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው አንዱ ምስል ልብስ ነው። ካሮላይን ስፐርጅን የተባለች እንግሊዛዊት ሊቅ በ1935 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሼክስፒር ምስሎች ጥናት ይህን በጉልህ አሳይታለች። ማክቤዝ የኮውደር ገዥነት ሹመት ሲነገረው የሰው ልብስ ለምን ታለብሱኛላችሁ ብሎ ይመልሳል። ባንኮም አዲስ ሹመት እንደ አዲስ ልብስ ሰውነት እስኪለምደው አይመችም ይላል። በመጨረሻው ክፍል ከተቃዋሚዎቹ መኳንንት አንዱ የማክቤዝን ንግሥና የግዙፍ ሰው ካባ ከሰረቀ ድንክ ጋር ያመሳስለዋል።

ይህ ምስል በኢትዮጵያ ሰሚ ዘንድ ከጌጥነት ያልፋል፤ ሹመት በእውነት የሚለበስ ነገር ነበርና። ካባው፣ ለምዱና የወርቅ መርገፉ የማዕርጉ ምልክት ብቻ ሳይሆኑ ማዕርጉ ለሰውዬው የሚደርስበት መንገድ ነበሩ። ደበሎ የለበሰው ተማሪና ካባ የለበሰው መኰንን ከሩቅ የሚለዩት በዚሁ ነበር። አቶ መንግሥቱ ለማ አንዱን ተውኔታቸውን ባለ ካባና ባለ ዳባ ብለው የሰየሙት ይህ የልብስ ቋንቋ ለተመልካቹ ያለ ማብራሪያ የሚገባ ስለ ሆነ ነው።

በቅኔ ስልት ሲታይ ግን ልብሱ ውስጥ ገና ያልተፈታ ወርቅ አለ። ማክቤዝ የለበሰው የኮውደር ሹመት የከዳተኛ ሹመት ነው፤ የቀድሞው የኮውደር ገዥ የተሻረውና የተገደለው ንጉሡን ከድቶ ነው። ንጉሡ ልብሱን ሲያስተላልፍ ታማኝን የሸለመ መሰለው። የተላለፈው ግን ልብሱ ከነክሕደቱ ነው። ሰሙ ሽልማት፣ ወርቁ ውርስ ሆነ። ንጉሡ በልብሱ ውስጥ ያለውን አላየም፤ ባለማየቱም ሞተ።

ውሃና ደም

ሁለተኛው ምስል የደምና የውሃ ነው። ከግድያው በኋላ ማክቤዝ እጁን አይቶ ባሕር በሙሉ ቢፈስበት ደሙ እንደማይለቅ፣ እንዲያውም እጁ ባሕሩን እንደሚያቀላው ይናገራል። ይህ በዘይቤ ዝርዝር ውስጥ ግነት ይባላል። ሚስቱ ግን ጥቂት ውሃ ይበቃናል ትላለች። አንዱ ስለ ወርቁ፣ ሌላዋ ስለ ሰሙ እየተናገሩ ነው፤ ቃሉ ውሃ አንድ ስለ ሆነ የተግባቡ ይመስላቸዋል።

በጣና ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት አካባቢ ለሚኖር ሰው ውሃ ሁለት መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም። ታንኳ የሚሄድበት፣ ዓሣ የሚጠመድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ውሃ አለ። ጸበል የሚባለውም ውሃ አለ፤ ይህን የሚለየው ጸሎቱና እምነቱ ነው እንጂ መልኩ አይደለም። እመቤት ማክቤዝ ስሕተቷ የመጀመሪያውን ውሃ ለሁለተኛው ሥራ ማዘዟ ነው። በመጨረሻው ክፍል ተኝታ እየሄደች በሌለ ውሃ እጇን ስታሻሽ የምትታየውም ስለዚህ ነው። በመጀመሪያ ውሃ ነበር፣ እድፍም ይለቅ ነበር፤ በመጨረሻ እድፉም ውሃውም ከዓይን ተሰውረው ወርቁ ብቻውን ቀረ። ግነት የተባለው የባሏ ቃል ልክ የሆነ መግለጫ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ተውኔት ግነት ቀድሞ የተነገረ እውነት ነው።

ትንቢቱና እንቆቅልሹ

የተውኔቱ ልብ ግን ትንቢቱ ነው። ማክቤዝ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ጠንቋዮቹ ሲሄድ ሦስት ነገር ይነገረዋል። ከማክደፍ ተጠንቀቅ፤ ከሴት የተወለደ ሰው አይጎዳህም፤ የበርናም ጫካ ወደ ደንሲነን ተራራ እስኪመጣ ድረስ አትሸነፍም። የኋለኞቹን ሁለቱን የማይሆን ነገር ማለት ናቸው ብሎ ያምናል። ከሴት ያልተወለደ ሰው የለም፤ ጫካም አይሄድም። ነገር ግን ጠላቶቹ ብዛታቸውን ለመሰወር ከበርናም ጫካ ቅርንጫፍ እየቈረጡ ተሸክመው መጡ። ማክደፍም የእናቱ ማሕፀን ተቀዶ የወጣ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ይህ በቅኔ ቤት አነጋገር ውስጠ ወይራ ነው፤ ሰሙ ተነግሯል፤ ወርቁ ለሰሚው ምርምር ተትቷል። ሼክስፒር ደግሞ ከዚህ አንድ ደረጃ አልፏል። ሁለተኛውን ትንቢት የተናገረው ምትሐት ደም የለበሰ ሕፃን ነው፤ ሦስተኛውን የተናገረው ዘውድ የደፋ፣ በእጁም ዛፍ የያዘ ሕፃን ነው። የመጀመሪያው ሕፃን ተቀዶ የወጣው ማክደፍ ነው፤ ሁለተኛው ቅርንጫፍ አስይዞ ሠራዊቱን የሚያመጣው አልጋ ወራሽ ነው። ስለዚህ ሰሙ ለጆሮው ሲነገረው ወርቁ በዓይኑ ፊት ቆሞ ነበር። ማክቤዝ በጆሮው የሰማውን ይዞ በዓይኑ ያየውን ጣለ። ደራሲው ፍቺውን አልደበቀበትም ማለት ነው፤ ጥፋቱ የመሻቱ ነው።

እንቆቅልሽ በሚጫወቱ ልጆች ዘንድ መልሱን ያላወቀው አገር ስጠኝ ይባላል፤ እርሱም አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም በአገሩ ተደስቶ መልሱን ይነግረዋል። ጨዋታው ቀላል ነው፤ ሥርዓቱ ግን የማክቤዝን ዕጣ በአጭሩ ይዟል። እንቆቅልሹን ያልፈታ አገሩን ሰጠ፤ ፍቺውም የተነገረው አገሩን ከሰጠ በኋላ ነው።

የሚሄደው ጫካ ራሱ በጣና ዳርቻ እንግዳ አይደለም። በዛፍ ከተሸፈነው ከዘጌ የማገዶ እንጨት በታንኳ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ማምጣት የቆየ ልማድ ነው። ታንኳው ራሱ ከደንገል የተሠራ ሣር ነው። ማለዳ ከዳር ሆኖ ለሚመለከት ሰው ቀዛፊው በጭነቱ ተሸፍኖ እንጨቱ ብቻ ውሃ ላይ ሲመጣ ይታያል። ጫካ ወደ ከተማ ይመጣል ቢሉት ይህ ሰው አይሆንም አይልም፤ ማን ተሸከመው ብሎ ይጠይቃል እንጂ። ማክቤዝ ያልጠየቀው ይህን አንድ ጥያቄ ነው።

የልደቱ ትንቢት በአማርኛ ልዩ ችግር ያመጣል። ወለደ የሚለው ግስ ለእናትም ለአባትም ይነገራል። ስለዚህ ከሴት የተወለደ ሲባል አማርኛ ሰሚ ፍቺውን ምናልባት በአባት በኩል ይፈልገው ይሆናል፤ ተውኔቱ ግን ፍቺውን ያስቀመጠው በአወጣጡ ላይ ነው። ተርጓሚው ቃሉን ጠባብ ቢያደርገው ወርቁ አስቀድሞ ይታወቅበታል፤ ሰፊ ቢያደርገው በመጨረሻ ፍቺው ሲነገር የተቀማ ይመስላል። ይህን ቃል በእንዲህ ያለ ሚዛን መመዘን ግን ለአገሩ ሊቃውንት አዲስ ነገር አይደለም። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በጎንደርና በጎጃም በተነሣው የሃይማኖት ክርክር ልደት የሚለው ቃል ሁለት ነው ሦስት ነው እየተባለ ሲመረመር ኖሮ፣ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ውሳኔ ተሰጥቶበታል። አንድ ቃል ስንት ፍቺ ይሸከማል የሚለው ጥያቄ መንግሥትና ሃይማኖት የተናወጡበት ጥያቄ መሆኑን ይህ አገር ከእንግሊዝ መድረክ አልተማረም።

በእንግሊዝም ቢሆን ነገሩ ከመድረክ ውጭ መሠረት ነበረው። ተውኔቱ በተጻፈበት በ1606 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ጋርኔት የተባለ ካህን በንጉሡ ላይ ከተዶለተው ሤራ ጋር በተያያዘ ተፈርዶበት ተሰቅሏል፤ በፍርዱም ጊዜ በሁለት ፍቺ ቃል መናገር ይገባል የሚለው አስተሳሰብ አብሮ ተከሷል። በማክቤዝ ውስጥ የሰከረው በረኛ በሁለት ወገን የሚምሉትን ሰዎች ወደ ሲኦል ሲያስገባ የዘመኑ ተመልካች ማንን እንደሚል ያውቅ ነበር። እዚያም ሰም ነበረ፤ ከሥሩም ወርቅ ነበረ።

ቅኔና አሳዛኝ ተውኔት የሚለያዩበት

እስከዚህ የተባለው ማክቤዝ ረዥም ቅኔ ነው ወደ ማለት የሚያደርስ ሊመስል ይችላል። እንደዚያ ማለት ግን ሁለቱንም ማሳነስ ነው። ልዩነታቸው በርዝመት ብቻ አይደለም፤ ሰሙ የሚቀልጥበት ስፍራ የተለያየ ነው።

በቅኔ ሰሙ የሚቀልጠው በሰሚው ልብ ነው። ሰሚው ፍቺውን ባገኘ ጊዜ ይደሰታል፤ ባለ ቅኔውን ያደንቃል፤ እልል ይባላል። በቅኔው ውስጥ የተነገረለት ሰው በፍቺው ምክንያት የሚደርስበት አዲስ ነገር የለም። በአሳዛኝ ተውኔት ግን ሰሙ የሚቀልጠው በባለ ታሪኩ እጅ ነው። ተመልካቹ ከእርሱ ቀድሞ ያውቃል ወይም ይጠረጥራል፤ ባለ ታሪኩ ግን ሰሙን ጨብጦ ወደ እሳቱ ይሄዳል። በአንጥረኛው ቤት በሁለቱ መካከል ያለው እሳት በቅኔ ማስተዋል ነው፤ በአሳዛኝ ተውኔት መከራ ነው። ማክቤዝ በመጨረሻ የጠንቋዮቹ ቃል ለጆሮው እውነት፣ ለተስፋው ሐሰት እንደ ነበረ ራሱ ይናገራል። ይህ የቅኔ ፍቺ ነው፤ ነገር ግን ፈቺው በዚያው ሰዓት ይሞታል።

ምጸት የሚባለው ዘይቤ በትክክል የሚገባውም ከዚህ በኋላ ነው። ምጸት አንድን ነገር ተናግሮ ተቃራኒውን ማሰብ ነው ተብሎ ይተረጐማል። ለጨዋታ ይህ ፍቺ ይበቃል። በአሳዛኝ ተውኔት ግን ተናጋሪው የተናገረውን ከልቡ ያስባል፤ ተቃራኒውን የሚያስበው ነገሩ ራሱ ነው።

የስሙ ትንቢት

ይህ መስፈርት ከመድረክ ወደ ታሪክ ሲመለስ በጣና ዙሪያ የሚያገኘው ጉልህ ሰው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከሐይቁ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በቋራ ያደጉት ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የመረጡት ከትንቢት ነው። ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የተባለ ንጉሥ ተነሥቶ በዘመኑ ጽድቅና ሰላም እንደሚሆን ተነግሯልና፣ ሕዝቡ ይህን ስም ሲጠብቅ ኖሯል። ማክቤዝ ትንቢት ሰማ፤ ካሣ ግን ትንቢቱን እንደ ልብስ ለበሱት። በሰምና በስም መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ነው።

ማክቤዝና ቴዎድሮስ በሥራቸው አይመሳሰሉም። አንዱ የጌታውን ደም በቤቱ ያፈሰሰ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ሌላው የተበታተነ አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ ንጉሥ ናቸው። የሚመሳሰለው ሰሙ የቀለጠበት መንገድ ነው። ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በ1855 ዓ.ም. የጻፉት የወዳጅነት ደብዳቤ መልስ አጣ። መልሱን ዘግይቶ ያመጣው ሆርሙዝድ ራሳም በ1858 ዓ.ም. በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በቆራጣ በክብር ተቀመጠ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ከሐይቁ ማዶ በዘጌ ታሰረ። እንግዳውና እስረኛው አንድ ሰው ነበር፤ የክብሩና የእስራቱ ስፍራም አንድ ሐይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ እስከ መቅደላ ተጐተተ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ ራሳቸውን የገደሉት ከንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ሆኖ በመጣላቸው ሽጉጥ እንደ ሆነ ተመዝግቧል። የወዳጅነት ምልክት የነበረው ዕቃ ሌላውን ፍቺውን በዚያ ሰዓት ሰጠ።

ጸሐፍተ ተውኔት ወደዚህ ታሪክ ደጋግመው የሄዱት በዚህ ምክንያት እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። የፋቡላ ደራሲ ልጅ ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1942 ዓ.ም. ቴዎድሮስን ታሪካዊ ድራማ አድርገው አወጡ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ሎሬት ጸጋዬ በዚሁ ንጉሥ ላይ ተውኔት ጽፈዋል። ደራሲው ምስል ፈልጎ በታሪኩ ላይ መለጠፍ አላስፈለገውም። ስሙ፣ መድፉ፣ ሽጉጡና ሐይቁ አስቀድመው ሁለት ፍቺ ነበራቸው። የአባት ሥራ ወርቁ ቶሎ ስለ ተፈታ ታገደ፤ የልጅ ሥራ ደግሞ ወርቁ ዘግይቶ የተፈታለትን ንጉሥ መረጠ።

ለተማሪውና ለተርጓሚው የሚተርፈው

ከዚህ ምርመራ የሚገኘው ፍሬ ለማስተማርም ለመተርጐምም ይጠቅማል። ተማሪው በአሳዛኝ ተውኔት ውስጥ አንድ ዘይቤ ባገኘ ቍጥር ስሙን ከጻፈ በኋላ ሦስት ጥያቄ ቢጨምርበት መልካም ነው። ሰሙን የያዘው ማን ነው? ወርቁን አስቀድሞ ያየው ማን ነው? ሰሙ የሚቀልጠው በየትኛው ሰዓትና በማን እጅ ነው? እነዚህን የመለሰ ተማሪ ልብሱን፣ ውሃውንና ጫካውን በየስፍራቸው ያገኛቸዋል፤ የባለ ታሪኩንም ሞት ከዘይቤው ሳይለይ ያስረዳል። ተርጓሚውም ቃል ሲመርጥ በመጀመሪያ ሊጠብቅ የሚገባው ውበቱን ሳይሆን የመዘግየቱን ጊዜ ነው። ወርቁ አስቀድሞ የታየበት ትርጕም መልካም አማርኛ ሊሆን ይችላል፤ አሳዛኝ ተውኔት ግን አይሆንም።

በባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ተቋምና ከእርሱ በኋላ የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። በዚያ የውጭ አገር ተውኔት የሚያጠና ተማሪና በጎንጅ ወይም በዋሸራ ቅኔ የሚቈጥር ተማሪ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ቃሉ ከሚለው ሌላ ምን ይላል? የመጀመሪያው ብዙ የተውኔት መጻሕፍት አሉት፤ ሁለተኛው በአንድ ቃል ላይ ሌሊቱን ሙሉ የመቆየት ልማድ አለው። ማክቤዝ የተነገረውን ቃል ሰምቶ አንድ ሌሊት እንኳ ሳይቆይበት ወደ ጦርነቱ ሄደ። የቅኔ መምህር ለተማሪው በመጀመሪያ የሚያስተምረው ግን መቆየትን ነው።